የመሬት ወሰንና የልጅ ዳኝነት
(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)




በቨርጂኒያ ክፍለ ግዛት የፖቶማክን ወንዝ ዳርቻ ተከትሎ የሚሄድ፣ በጆርጅ ዋሽንግተን ስም የተሰየመ አውራ ጎዳና አለ። ጎዳናው ብዙ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች ከሚኖሩባት ከአሌክሳንድሪያ ከተማ ጋር ይገናኛል። መንጃ ፈቃዱን በቅርቡ ያገኘ የ17 ዓመት ወጣት ከሰፈሩ ተነሥቶ ወደዚህ ጎዳና ሲገባ፣ ከመንገድ ምልክቶች በስተቀር በዓይኑ የሚያየው አዲስ ነገር የለም። አስፋልቱ ያው አስፋልት፣ ዛፉም ያው ዛፍ ነው። ሆኖም ወጣቱ ሳያውቀው አንድ ወሰን ተሻግሯል። በከተማው መንገድ ላይ ከተፈቀደው ፍጥነት በላይ ሲነዳ ቢያዝ፣ ጉዳዩ የሚቀርበው ክፍለ ግዛቱ ለወጣቶችና ለቤተሰብ ጉዳይ ብሎ ላቋቋመው ፍርድ ቤት ነው። በጎዳናው ላይ ቢያዝ ግን የሚያስቆመው የፌዴራሉ የፓርክ ፖሊስ፣ ክሱን የሚሰማውም የፌዴራሉ ፍርድ ቤት ይሆናል፤ ጎዳናው የብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎት ይዞታ ነውና። ልጁ አንድ ነው፤ ጥፋቱም አንድ ነው፤ የተለወጠው የመሬቱ ባለቤት ብቻ ነው።

ለመሐንዲስና ለቀያሽ ወሰን ማለት በመሣሪያ ተለክቶ፣ በችካል ተተክሎ፣ በካርታ ላይ የሚሠፍር ነገር ነው። ሕግ ግን በዚያው መስመር ላይ ሌላ መስመር ይደርባል። ይህ ሁለተኛው መስመር በመሬት ላይ አይታይም፤ ነገር ግን አንድ ጥፋት የፈጸመ ልጅ በማን ፊት እንደሚቆም፣ ማን እንደሚመክረው፣ የት እንደሚታረም፣ በእርሱ የተጎዳው ሌላ ልጅም ለማን አቤት እንደሚል የሚወስነው እርሱ ነው። በዩናይትድ ስቴትስ መሬትን ለመጠበቅ ሲባል የተሠመረው ወሰን ልጅን ለመዳኘት ሲያገለግል፣ ልጁ በሁለት መንግሥታት መካከል ኃላፊ አጥቶ የሚቀርበት ጊዜ አለ። ይህ እንዴት ሊሆን እንደቻለና በምን መንገድ ሊታረም እንደሚችል ማስረዳት የዚህ ንግግር ዓላማ ነው። የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሞ መግለጽ ያስፈልጋል።

የሥልጣኑ መነሻ

በ1783 በሰኔ ወር ደመወዛቸው ያልተከፈላቸው ወታደሮች በፊላደልፊያ ከተማ ኮንግረሱ የሚሰበሰብበትን ሕንፃ ከበቡ። ኮንግረሱ የፔንሲልቬኒያ መንግሥት ጥበቃ እንዲያደርግለት ቢጠይቅም አጥጋቢ መልስ ስላላገኘ፣ ከተማይቱን ለቆ ወደ ፕሪንስተን ለመሄድ ተገደደ። ይህ ውርደት ከአእምሮ አልጠፋም። ከአራት ዓመት በኋላ በ1787 ሕገ መንግሥቱ ሲረቀቅ፣ በአንደኛው አንቀጽ ስምንተኛ ክፍል ውስጥ፣ ኮንግረሱ በመንግሥቱ መቀመጫ ላይ ብቸኛ ሕግ የማውጣት ሥልጣን እንዲኖረው ተደነገገ። እንዲሁም በአንድ ክፍለ ግዛት ሕግ አውጪ ምክር ቤት ፈቃድ ለምሽግ፣ ለጥይት መጋዘን፣ ለመሣሪያ ግምጃ ቤት፣ ለመርከብ መሥሪያና ለሌሎች አስፈላጊ ሕንፃዎች በሚገዛ መሬት ላይ ይኸው ብቸኛ ሥልጣን እንዲጸና ተወሰነ።

በዚህ ዝርዝር ውስጥ የመኖሪያ ሰፈር፣ ትምህርት ቤትና የልጆች መጫወቻ አልተጠቀሱም። ድንጋጌው የተጻፈው ባሩድን፣ መድፍንና መርከብን ለመጠበቅ ነበር። ይሁንና ዘመን ሲለወጥ ምሽጉ ወደ ትልቅ የጦር ሠፈር አደገ፤ በጦር ሠፈሩም ውስጥ ወታደሮች ከነሚስቶቻቸውና ከነልጆቻቸው የሚኖሩባቸው መንደሮች ተቆረቆሩ። በሌላ በኩል ደግሞ ሰፋፊ ደኖች፣ የግጦሽ መሬቶችና ብሔራዊ ፓርኮች በፌዴራሉ መንግሥት እጅ ቆዩ። ዛሬ የፌዴራሉ መንግሥት ይዞታ ወደ 640 ሚሊዮን ኤከር፣ ማለትም ወደ 2.6 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ይህም ከኢትዮጵያ የቆዳ ስፋት ከሁለት እጥፍ በላይ፣ ከዩናይትድ ስቴትስ መሬትም 28 በመቶ ያህሉ ነው። በኔቫዳ ክፍለ ግዛት 80 በመቶ ገደማ የሚሆነው መሬት የፌዴራሉ መንግሥት ነው።

አራቱ የሥልጣን ዓይነቶች

ይህ ሁሉ መሬት በአንድ ዓይነት ሕግ አይተዳደርም። የሕግ ሊቃውንት የፌዴራሉን ሥልጣን በአራት ይከፍሉታል።

የመጀመሪያው ብቸኛ ሥልጣን ነው። በዚህ ዓይነት መሬት ላይ ወንጀልን የመከታተልና የመዳኘት ሥልጣን የፌዴራሉ መንግሥት ብቻ ነው። ሁለተኛው የጋራ ሥልጣን ሲሆን፣ ፌዴራሉም ክፍለ ግዛቱም ሕጋቸውን ያስፈጽማሉ። ሦስተኛው ከፊል ሥልጣን ይባላል፤ ክፍለ ግዛቱ መሬቱን አሳልፎ ሲሰጥ አንዳንድ ሥልጣኖችን ለራሱ ያስቀራል። ለምሳሌ የካንሳስ ክፍለ ግዛት በፎርት ሌቨንዎርዝ ላይ የነበረውን ሥልጣን ሲያስረክብ የባቡር ሐዲድ ኩባንያዎችን ግብር የማስከፈል መብቱን ለራሱ አስቀርቶ ነበር፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ1885 ይህን መሰሉ ርክክብ የጸና መሆኑን ወሰነ። አራተኛው የባለንብረትነት ሥልጣን ነው። እዚህ የፌዴራሉ መንግሥት እንደ ማንኛውም ባለርስት መሬቱን ይይዛል፤ ንብረቱንም ለመጠበቅ ደንብ ያወጣል፤ የክፍለ ግዛቱ የወንጀል ሕግ ግን በመሬቱ ላይ እንደጸና ይቆያል። አብዛኛው የፌዴራል መሬት የሚገኘው በዚህ በአራተኛው ክፍል ውስጥ ነው።

ልዩነቱ በተግባር ምን እንደሚመስል ለመረዳት የዋዮሚንግን ካርታ መመልከት ይበቃል። በ1872 የተቋቋመው የሎውስቶን ብሔራዊ ፓርክ በብቸኛ ሥልጣን ሥር ነው። ከምሥራቅ በኩል ደግሞ የሾሾኒ ብሔራዊ ደን ያዋስነዋል። ሁለቱም የፌዴራል መሬቶች ናቸው፤ መንገደኛው ከአንዱ ወደ ሌላው ሲያልፍ ተራራውም ጥዱም አይለወጥበትም። ሆኖም የ15 ዓመት ልጅ በደኑ ውስጥ ድንኳን ከተተከለበት ሥፍራ የሰው መኪና ሰብሮ ዕቃ ቢሰርቅ፣ የዋዮሚንግ ክፍለ ግዛት በራሱ የወጣቶች ሕግ ሊያየው ይችላል። ያው ልጅ ያንኑ ድርጊት ወሰኑን ተሻግሮ በፓርኩ ውስጥ ቢፈጽም የክፍለ ግዛቱ ዳኛ ሥልጣን የለውም።

የነባር አሜሪካውያን ሕዝቦች ይዞታዎች የራሳቸው ውልና የራሳቸው ሕግ ያላቸው በመሆናቸው በዚህ አከፋፈል ውስጥ እንደማይገቡ ማስታወስ ተገቢ ነው።

ርክክብ ያልተደረገበት ሥራ

በግንባታ ሥራ ላይ የዋለ ባለሙያ ሁሉ የርክክብን ነገር ያውቃል። ሕንፃው አልቆ ቁልፉ ቢሰጥም የርክክቡ ሰነድ ካልተፈረመ፣ ጣሪያው ባፈሰሰ ጊዜ ተቋራጩ «የባለቤቱ ነው» ባለቤቱም «የተቋራጩ ነው» ይላሉ። በመሬት ላይ ያለው የዳኝነት ሥልጣንም እንዲሁ በሰነድ የሚተላለፍ ነገር ነው።

እስከ 1940 ድረስ ክፍለ ግዛቱ ፈቃዱን ከሰጠ የፌዴራሉ መንግሥት ሥልጣኑን እንደተቀበለ ይገመት ነበር። በዚያ ዓመት ኮንግረሱ ሕጉን ለወጠ። ከዚያ ወዲህ የመሬቱ ኃላፊ የሆነው የፌዴራል መሥሪያ ቤት ሥልጣኑን መቀበሉን በጽሑፍ ለክፍለ ግዛቱ ካላስታወቀ በስተቀር እንዳልተቀበለ ይቆጠራል። የዚህ ድንጋጌ ክብደት ብዙም ሳይቆይ ታየ። በሉዊዚያና በሚገኘው የካምፕ ክሌይቦርን የጦር ሠፈር ውስጥ በተፈጸመ የአስገድዶ መድፈር ወንጀል ሦስት ወታደሮች በፌዴራል ፍርድ ቤት ሞት ተፈርዶባቸው ነበር። በ1943 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን ሲመረምር፣ መሬቱ የፌዴራሉ መንግሥት ቢሆንም ሥልጣኑን የመቀበሉ ማስታወቂያ ለክፍለ ግዛቱ ስላልተሰጠ የፌዴራሉ ፍርድ ቤት የመዳኘት ሥልጣን እንዳልነበረው ወሰነ። የሞት ፍርድ የሚያህል ነገር በአንድ ያልተጻፈ ደብዳቤ ምክንያት ፈረሰ።

ከዚህም የተነሣ አንድ የጦር ሠፈር በተለያዩ ዓመታት ከተገዙ ቁራሽ መሬቶች የተገጣጠመ ሲሆን፣ ከ1940 በፊት የተገኘው ቁራሽ በብቸኛ ሥልጣን ሥር፣ ኋላ የተጨመረው ደግሞ በባለንብረትነት ብቻ ሊገኝ ይችላል። አጥሩ አንድ፣ በሩም አንድ፣ ሕጉ ግን ሁለት ይሆናል። የትኛው ቤት በየትኛው ቁራሽ ላይ እንደተሠራ የሚናገረው የቀያሹ ካርታና የመዝገብ ቤቱ ፋይል ነው። ካርታው ከጠፋ ወይም ካልታደሰ፣ ፖሊሱ ልጁን ከያዘ በኋላ ወዴት እንደሚወስደው አያውቅም።

ወሰኑ የሚያስከትለው ጉዳት በወንጀል ነገር ብቻ የተወሰነ አይደለም። በ1953 የፔንሲልቬኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ በአንድ የቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታል ግቢ ውስጥ የሚኖሩ የሠራተኞች ልጆች የክፍለ ግዛቱ ነዋሪዎች ስላልሆኑ በአካባቢው የሕዝብ ትምህርት ቤት በነፃ የመማር መብት የላቸውም ሲል ወሰነ። ይህ ውሳኔ ባስነሣው መደነቅ ምክንያት በፕሬዚደንት አይዘንሃወር ዘመን ከልዩ ልዩ መሥሪያ ቤቶች የተውጣጣ ኮሚቴ ተቋቁሞ የፌዴራል መሬቶችን ሥልጣን አጠና። ኮሚቴው በ1956ና በ1957 ባወጣቸው ሪፖርቶች ብቸኛ ሥልጣን ከሚያስገኘው ጥቅም ይልቅ ጉዳቱ እንደሚያመዝን፣ ለአብዛኞቹ ይዞታዎችም እንደማያስፈልግ አስረዳ። በ1970 ደግሞ የዩናይትድ ስቴትስ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሜሪላንድ የፌዴራል ግቢ ውስጥ የሚኖሩ ሰዎች በክፍለ ግዛቱ ምርጫ የመምረጥ መብት እንዳላቸው ወሰነ። በትምህርትና በምርጫ ረገድ እንግዲህ አጥሩ ቀስ በቀስ ዝቅ ብሏል። በወጣት ጥፋተኞች ረገድ ግን ብዙ ሥፍራ ላይ እንደቆመ ነው።

የተዋሱት ሕግና ያልተዋሱት ተቋም

ኮንግረሱ ለፌዴራል መሬቶች የተሟላ የወንጀል ሕግ አላወጣም። በምትኩ ከ1825 ጀምሮ የቆየ አንድ ዘዴ አለ፤ ይኸውም በፌዴራል ሕግ ያልተከለከለ ድርጊት መሬቱ በሚገኝበት ክፍለ ግዛት ሕግ የሚያስቀጣ ከሆነ፣ እንደ ፌዴራል ወንጀል ተቆጥሮ በዚያው መጠን እንዲያስቀጣ የሚያደርግ ሕግ ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ1958 ይህን አሠራር አጽንቶታል። ስለዚህ የፌዴራሉ መንግሥት የጎረቤቱን ሕግ ተውሶ ይሠራበታል ማለት ይቻላል።

ሕግ ግን ከነተቋሙ ካልሆነ ለልጅ አይበቃም። የወጣቶች ፍርድ ቤት የተባለው ተቋም የተወለደው በክፍለ ግዛቶች እጅ ነው። የመጀመሪያው በ1899 በኢሊኖይ ክፍለ ግዛት፣ በቺካጎ ከተማ ተቋቋመ፤ ከዚያም ወደ ሌሎቹ ክፍለ ግዛቶች ተዛመተ። አሳቡ ልጅን ከዐዋቂ ወንጀለኛ ለይቶ፣ ቤተሰቡንና ትምህርት ቤቱን በሚያውቁ ሰዎች እጅ ማረም ነበር። ተቋሙ ከስሕተት ነፃ አልነበረም። በአሪዞና አንድ የ15 ዓመት ልጅ ለጎረቤት ነውረኛ ስልክ ደውለሃል ተብሎ፣ ዐዋቂ ቢሆን ኖሮ ከጥቂት ዶላር ቅጣት ወይም ከሁለት ወር እስራት በማይበልጥ ጥፋት፣ 21 ዓመት እስኪሞላው ድረስ ወደ ማረሚያ ትምህርት ቤት እንዲገባ ተወስኖበት ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1967 ይህን ውሳኔ ሲሽር፣ ልጅም ቢሆን ክሱ አስቀድሞ እንዲገለጽለት፣ ጠበቃ እንዲኖረው፣ ምስክሮችን እንዲጠይቅና በራሱ ላይ እንዲመሰክር እንዳይገደድ መብት አለው አለ። ከዚያ ወዲህ የክፍለ ግዛቶች የወጣቶች ፍርድ ቤቶች እርማትንና ሥርዓታዊ ዳኝነትን አጣምረው ለመሥራት ሲጥሩ ቆይተዋል።

የፌዴራሉ መንግሥት ራሱን የቻለ የወጣቶች ፍርድ ቤት የለውም። በ1932 በወጣው ሕግ የፌዴራል ወንጀል የፈጸመን ልጅ ለክፍለ ግዛቱ ባለሥልጣኖች አሳልፎ መስጠት ተፈቀደ። በ1938 ደግሞ የፌዴራሉ የወጣት ጥፋተኞች ሕግ ወጣ፤ በ1974ና በ1984 ተሻሻለ። በዚህ ሕግ መሠረት ዕድሜው ከ18 ዓመት በታች የሆነ ልጅ በፌዴራል ፍርድ ቤት ሊከሰስ የሚችለው፣ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ጉዳዩን መርምሮ ከሦስት ነገሮች አንዱ መኖሩን ሲያረጋግጥ ነው። እነዚህም የክፍለ ግዛቱ ፍርድ ቤት ሥልጣን የሌለው ወይም ሥልጣኑን ለመያዝ ያልፈለገ መሆኑ፣ ክፍለ ግዛቱ ለልጁ የሚስማማ አገልግሎት የሌለው መሆኑ፣ ወይም ድርጊቱ ከባድ የኃይል ወንጀል ወይም በሕጉ የተዘረዘረ የመድኃኒትና የጦር መሣሪያ ወንጀል መሆኑ ናቸው። ከዚህም በተጨማሪ ጉዳዩ የፌዴራሉን መንግሥት በእጅጉ የሚመለከት መሆኑ መረጋገጥ አለበት። ማረጋገጫው ካልተሰጠ ልጁ ለክፍለ ግዛቱ ይመለሳል።

ከዚህ ደንብ የተለየ አንድ ነገር አለ። በፌዴራሉ ልዩ የግዛት ሥልጣን ሥር በሆነ መሬት ላይ የተፈጸመና ቅጣቱ ከስድስት ወር እስራት የማይበልጥ ትንሽ ጥፋት ማረጋገጫ አያስፈልገውም። ስለዚህ ቀላል የሆነው የመንገድ ጥፋት ያለ ብዙ ውጣ ውረድ በፌዴራል ማጅስትሬት ዳኛ ፊት ይቀርባል፤ ከበድ ያለው ጉዳይ ግን የጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉን ማረጋገጫ ይጠብቃል።

ሕጉ በመልካም አሳብ የተጻፈ ለመሆኑ ምስክሮቹ ብዙ ናቸው። ልጁ ሲያዝ ወላጆቹ ወዲያው እንዲያውቁ፣ ሳይዘገይ በዳኛ ፊት እንዲቀርብ፣ ታስሮ ከቆየ በ30 ቀን ውስጥ ጉዳዩ እንዲሰማ፣ መዝገቡ በምስጢር እንዲጠበቅ፣ ከዐዋቂዎች ጋር እንዳይታሰር ያዛል። ቅጣት ቢወሰንበትም በተቻለ መጠን በመኖሪያው አካባቢ፣ በአሳዳጊ ቤተሰብ ወይም በአነስተኛ ተቋም እንዲቆይ ይላል። ነገር ግን የፌዴራሉ የእስር ቤቶች አስተዳደር የራሱ የወጣቶች ማረሚያ የለውም፤ ልጆቹን በውል ለሌሎች ተቋማት ይሰጣል። በመሆኑም ልጁ ከወላጆቹ ብዙ ርቆ ሊወሰድ ይችላል። ሕጉ «በቅርብ» ይላል፤ ተቋሙ ግን በቅርብ የለም።

ሕጉ የማይደርስበት ሌላም ቦታ አለ። የፌዴራሉ ሕግ የሚያውቀው በአብዛኛው ዐዋቂ ቢፈጽመው ወንጀል የሚሆነውን ድርጊት ነው። ከትምህርት ቤት መጥፋት፣ ከቤት መኮብለል፣ ለወላጅ አልታዘዝ ማለት በክፍለ ግዛት የወጣቶች ፍርድ ቤት ሊታዩ የሚችሉ የመጀመሪያ ምልክቶች ሲሆኑ በፌዴራል ፍርድ ቤት መዝገብ አይከፈትላቸውም። ልጁን በጊዜ መመለስ የሚቻልበት ወቅት በዝምታ ያልፋል።

በአጥሩ ውስጥ

ችግሩ ጎልቶ የሚታየው በጦር ሠፈሮች መንደሮች ውስጥ ነው። በብቸኛ ሥልጣን ሥር በሆነ ሠፈር አንድ የ13 ዓመት ልጅ በጎረቤቱ በ7 ዓመት ልጅ ላይ ከባድ ጥቃት አደረሰ እንበል። ወላጆች ወደ አካባቢው ፖሊስ ቢሄዱ መሬቱ የፌዴራል ነው ይባላሉ። ወደ ጦር ፍርድ ቤት ቢሄዱ የወታደር ፍርድ ቤት በሰላም ጊዜ የወታደርን ቤተሰብ ሊዳኝ አይችልም፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1957 በሰጠው ውሳኔና እርሱን ተከትለው በመጡት ውሳኔዎች ይህ በር ተዘግቷል። የሠፈሩ አዛዥ ቤተሰቡን ከመንግሥት ቤት ሊያስለቅቅ ወይም ልጁን ከግቢው ሊያግድ ይችላል፤ ልጁን ግን ሊያርም አይችልም፤ ማስለቀቁም ችግሩን ወደ ሌላ ሰፈር ማዛወር ነው። የሚቀረው የፌዴራሉ ዐቃቤ ሕግ ነው። እርሱም የወጣቶች ፍርድ ቤት፣ ለልጅ የሠለጠነ የአመክሮ ሠራተኛና የራሱ ማረሚያ በሌለበት ሁኔታ እንዲህ ያለውን ጉዳይ ሲመዝን ብዙ ጊዜ ፋይሉን መዝጋት ይቀለዋል።

ይህ ግምት ብቻ እንዳልሆነ በ2018 ታወቀ። በዚያ ዓመት አሶሺየትድ ፕሬስ የተባለው የዜና ድርጅት ባወጣው ምርመራ፣ በጦር ሠፈሮች ውስጥ ልጆች በሌሎች ልጆች ላይ የፈጸሟቸው ብዙ የወሲብ ጥቃቶች ተከታታይ አጥተው መቅረታቸው ተገለጸ። በዚያው ዓመት ኮንግረሱ ለ2019 የበጀት ዘመን ባወጣው የመከላከያ ሕግ ውስጥ የመከላከያ ሚኒስቴር ለእንዲህ ዓይነቱ ጉዳይ የሚከተለውን መመሪያ እንዲያወጣ አዘዘ።

እዚህ ላይ ሁለት ልጆች መኖራቸው ሊዘነጋ አይገባም። የመጀመሪያው የተጎዳው ልጅ ነው፤ የደረሰበት በደል በየትኛውም መዝገብ ላይ ካልተጻፈ ሕክምናውና ጥበቃው በሰው በጎ ፈቃድ ላይ ይንጠለጠላል። ሁለተኛው ጥፋቱን የፈጸመው ልጅ ነው። እርሱን ያለ ፍርድ መተው ምሕረት ይመስላል፤ ግን አይደለም። ያልታረመ ልጅ ቤተሰቡ ወደ ሌላ የጦር ሠፈር ሲዛወር ችግሩን ይዞ ይዛወራል፤ ዕድሜው 18 ከሞላ በኋላ ጥፋቱን ቢደግም ደግሞ የሚጠብቀው የወጣት እርማት ሳይሆን የዐዋቂ እስር ቤት ነው። አጥሩ ሁለቱንም ልጆች በአንድ ጊዜ በድሏቸዋል።

ኃላፊውን አስቀድሞ መሰየም

መፍትሔው አዲስ ፍርድ ቤት መሥራትን አይጠይቅም። የፌዴራሉ ሕግ የአንድ የጦር ክፍል ሚኒስትር በሠፈሩ ላይ ካለው ሥልጣን ከፊሉን ወይም ሁሉንም ለክፍለ ግዛቱ እንዲመልስ ይፈቅዳል። ክፍለ ግዛቱ በበኩሉ በሕጉ መሠረት ይቀበላል። በዚህ መንገድ ብቸኛው ሥልጣን የወጣቶችን ጉዳይ በሚመለከት ወደ ጋራ ሥልጣን ይለወጣል፤ የክፍለ ግዛቱ የወጣቶች ፍርድ ቤትም በአጥሩ ውስጥ ያለውን ልጅ በአጥሩ ውጭ እንዳለው ሊያየው ይችላል። የመከላከያ ሚኒስቴርም ይህን አሠራር ለክፍለ ግዛቶች ሲያቀርብ ቆይቷል፤ በርካታ ክፍለ ግዛቶችም ሕግ አውጥተውለታል።

በዚህ አሳብ ላይ የሚሰነዘሩ ሁለት ተቃውሞዎች አሉ። የመጀመሪያው የወጪ ነገር ነው፤ ክፍለ ግዛቱ የመሬት ግብር ከማያገኝበት ግቢ ለመጣ ልጅ ለምን ገንዘብ ያወጣል ይባላል። ይሁንና በ1940 በወጣው ሌላ ሕግ ክፍለ ግዛቶች በፌዴራል መሬት ላይ የገቢና የሽያጭ ግብር እንዲሰበስቡ ተፈቅዶላቸዋል። ለትምህርትም ቢሆን ከ1950 ጀምሮ የፌዴራል ሠራተኞችንና ወታደሮችን ልጆች ለሚያስተምሩ የትምህርት ወረዳዎች የፌዴራል ድጎማ ይሰጣል። ለመማሪያ ክፍሉ የተገኘው መላ ለዳኝነቱ የማይገኝበት ምክንያት የለም።

ሁለተኛው ተቃውሞ የበለጠ ክብደት አለው። ክፍለ ግዛቶች ሁሉ ለልጅ እኩል አይራሩም፤ አንዳንዶቹ ልጅን እንደ ዐዋቂ ለመክሰስ ይፈጥናሉ ይባላል። ይህ እውነት ነው። ነገር ግን የፌዴራሉም ሕግ ቢሆን 15 ዓመት የሞላውን፣ ለተወሰኑ ከባድ ወንጀሎችም 13 ዓመት የሞላውን ልጅ እንደ ዐዋቂ ለመክሰስ በር ይከፍታል። በአጥሩ ውጭ ያለው ጎረቤቱ በሚዳኝበት ሕግ መዳኘት ለልጁ ከማንም የተለየ ጉዳት አያመጣበትም። የጋራ ሥልጣን ባለበት ደግሞ የፌዴራሉ በር ጨርሶ ስላልተዘጋ፣ አንዱ ቢሳሳት ወይም ቢሰንፍ ሌላው ሊመለከተው ይችላል።

ሆኖም የጋራ ሥልጣን ብቻውን አይበቃም። ሁለት ኃላፊ ያለው ሥራ ጠንቃቃ ውል ከሌለው ኃላፊ እንደሌለው ሥራ ይሆናል። ስለዚህ በሠፈሩ፣ በአካባቢው ፖሊስ፣ በወጣቶች ፍርድ ቤቱና በፌዴራሉ ዐቃቤ ሕግ መካከል የጽሑፍ ስምምነት ያስፈልጋል። ስምምነቱ ጥሪውን በመጀመሪያ የሚቀበለው ማን እንደሆነ፣ ልጁ በስንት ሰዓት ውስጥ ለማን እንደሚተላለፍ፣ የተጎዳው ልጅ የት እንደሚታከም፣ ቤተሰቡ ቢዛወር ፋይሉ ለማን እንደሚላክ መዘርዘር አለበት። ከዚህ ሁሉ በፊት ደግሞ እያንዳንዱ ቁራሽ መሬት በየትኛው ዓመት፣ በየትኛው ሰነድ፣ በምን ዓይነት ሥልጣን እንደተያዘ የሚያሳይ የታደሰ ካርታ መኖር አለበት። ይህ የመጨረሻው ሥራ የቀያሽና የመሐንዲስ ሥራ ነው። በካርታው ጥግ ላይ የሚጻፈው አንድ መስመር ማብራሪያ በእኩለ ሌሊት ስልክ ለሚደወልለት ፖሊስና ልጁ ለተያዘበት ወላጅ ከብዙ ገጽ የሕግ ትንታኔ ይልቅ ሊጠቅም ይችላል።

በዚያ አገር የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ወላጆችም ከዚህ የሚወስዱት ትምህርት አለ። ልጃቸው በፓርክ፣ በጦር ሠፈር ወይም በሌላ የፌዴራል ግቢ ውስጥ ቢያዝ አስቀድመው ሊጠይቁ የሚገባቸው «ምን አደረገ?» ብቻ ሳይሆን «መሬቱ በማን ሥልጣን ሥር ነው? የሚሰማውስ የትኛው ፍርድ ቤት ነው?» የሚለውን ጭምር ነው። ጠበቃ ሲፈልጉም በዚያ ፍርድ ቤት የሚሠራውን መፈለግ ይኖርባቸዋል።

ክቡራን የጉባኤው ተካፋዮች፤

የፊላደልፊያው ከበባ ከተፈጸመ ከ240 ዓመት በላይ ሆኖታል። በዚያ ጊዜ የታሰበው አንድ መንግሥት ያለ ጠባቂ እንዳይቀር ነበር፤ አሳቡም ተገቢ ነበር። ዛሬ በዚያው ድንጋጌ በታጠረ ግቢ ውስጥ ያለ ጠባቂ ሊቀር የሚችለው ልጅ ነው። ወሰን የሚሠመረው በአንድ መስመር ግራና ቀኝ ያሉት ሁለቱም ወገኖች ድርሻቸውን እንዲያውቁ ነው። ድርሻውን የሚያውቅ ከሌለ ግን መስመሩ በካርታ ላይ የፈሰሰ ቀለም ሆኖ ይቀራል። ካርታ የሚያነሣ ባለሙያ የመሬቱን ልክ አስተካክሎ እንደሚጽፍ ሁሉ፣ ሕግ የሚያወጣም በዚያ መሬት ላይ ለሚያድገው ልጅ ኃላፊ የሚሆነውን ስም አስተካክሎ ይጻፍ።